ከገና በዓል በኋላ ተማሪዎቻችን ምን ይማሩ?

ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው የገና በዓል አልፎ የትምህርት ቤት ደወል እንደገና በተደወለ ጊዜ፥ በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ወረዳዎች የሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ይመለሳሉ። መምህራንም ያለፈውን ትምህርት አስከልሰው የመንፈቁን ፈተና ይሰጣሉ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው መንፈቅ ይጀመራል። ሒሳቡም፥ ንባቡም፥ የአካባቢ ሳይንሱም በየመጽሐፉ ተጽፎ ስለሚገኝ እኛ የምንጨምርበት የለንም። ነገር ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በሳፋና በሳሙና የሚሰጥ አንድ ትምህርት ስላለ፥ ስለዚሁ ለመምህራንና ለወላጆች ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ይኸውም የእግር ንጽሕና ነው።

ልጆች እጃቸውን ይታጠቡ ዘንድ ብዙ ተነግሯል፤ ወደ ፊትም ሊነገር ይገባል። እግር ግን ከአፈር ጋር መዋሉ የተለመደ ነው ተብሎ ይተዋል። የካፋ አፈር ቀይና ለም ነው፤ ቡናውንም እንሰቱንም የሚያበቅለው እርሱ ስለሆነ ማንም በክፉ ዓይን አያየውም። ሆኖም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ሲያገኝ፥ በባዶ እግሩ ለሚሄድ ሰው ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ምድር በካፋ ብዙ ነው።

የጉዳቱም አመጣጥ እንደሚከተለው ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው ከሥሩ ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ይህ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፤ ፈሳሹም መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል፥ ቆዳውም ይደድራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ግን በትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ ለመለየት ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ይህንም ስም ያወጡለት በኢትዮጵያ ለብዙ ጊዜ የሠሩት የብሪታንያው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው።

ስለዚህ በሽታ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች አሉ። አንደኛው፥ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚለው ነው። አይተላለፍም፤ ከታማሚው ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥም ሆነ በአንድ ገበታ መብላት በሽታውን አያስይዝም። ሁለተኛው፥ የዘር ስለሆነ መድኃኒት የለውም የሚለው ነው። በ2004 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፥ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ከሌሎች ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል። ነገር ግን አፈሩ ዘወትር ቆዳውን ካልነካ በሽታው አይነሣም። ዘርን መለወጥ ባይቻልም እግርን ማጠብና ጫማ ማድረግ ይቻላል።

ባዶ እግር ለሌላም ጠላት በር ይከፍታል። የመንጠቆ ትል እጭ በእርጥብ አፈር ውስጥ ቆይቶ የእግርን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በመጨረሻም ከአንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ልጁም እየገረጣና እየደከመ፥ በክፍልም ውስጥ እያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የትል መድኃኒት በሀገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች ሲታደል ቆይቷል። መድኃኒቱ በሆድ ያለውን ትል ቢገድልም፥ ሜዳ ላይ በሚጸዳዱበት ቦታ በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ እንደገና መያዙ አይቀርም።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? አንድ ሳፋ፥ አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና ወደ ክፍል ያምጣ። አንዱ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት እግሩን እስከ ጉልበቱ፥ በተለይም በጣቶቹ መካከል፥ በሚገባ ይታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ፤ ከዚያም ጫማውን ያድርግ። ለታናናሾቹም ነገሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በካፊኖኖ ይነገራቸው። በሀገራችን ከመንገድ የመጣውን እንግዳ እግር ማጠብ የቆየ የአክብሮት ልማድ ነውና፥ ለእንግዳ የሚደረገውን ክብር ልጁ ለገዛ እግሩም እንዲያደርግ እናስተምረው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ይህ ወራት የቡና ለቀማው የሚያልቅበትና ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባበት ነው። ከሚገዛው ሁሉ አስቀድሞ ለልጁ ሽፍን ጫማ ይገዛለት፤ ነጠላ ጫማ አፈሩን አያግድምና። ልጆቹ ቡና ሊለቅሙ ወደ ጫካ ሲወርዱም ጫማውን ለበዓል ብቻ ተብሎ በሣጥን አይቈለፍበት።

ጫማ የሌለው ልጅ በክፍል ፊት አይነቀፍ፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና። እግሩ ማበጥ የጀመረ ተማሪ ቢገኝ ደግሞ መምህሩ ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሮ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። በሽታው ገና ሳይጠና በየቀኑ መታጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ ጫማ ማድረግና በዕረፍት ጊዜ እግርን ከፍ አድርጎ ማኖር እብጠቱን ይቀንሰዋል። ይህን ሳያውቁ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀሩት ግን ከበሽታው የበለጠ ይጎዱታል።

ስለዚህ፥ ክቡራን መምህራን ሆይ፥ ከበዓሉ መልስ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሰዓት ለዚህ ትምህርት ትሰጡ ዘንድ በአክብሮት እንለምናችኋለን።