አባሉ ያላነበበው ስምምነት

ለብዙ ደመወዝተኛ የሠራተኛ ማኅበር ማለት በየወሩ ከደመወዙ ላይ የምትቆረጥ መዋጮ ናት። መሪዎቹን ጉባኤ ሲኖር መድረክ ላይ ያያቸዋል፤ ከአሠሪው ጋር የተስማሙበትንም የሚሰማው ፊርማው ካረፈ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው አባል ማኅበሩ ተጠቃ ሲባል አይደነግጥም፤ ውጣ ሲባልም አይወጣም። የራሱ ነው ብሎ አያስበውማ።

የቺካጎ መምህራን ማኅበርም ከዚህ በሽታ ነጻ ሆኖ አያውቅም። እኔን የሳበኝ ግን በሽታውን ለማከም የሄደበት መንገድ ነው። በአሜሪካ ትልልቅ ከሚባሉት የትምህርት አስተዳደሮች በአንዱ ውስጥ የሚሠሩ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን ያቀፈ ማኅበር፣ አንድን የስምምነት ረቂቅ እያንዳንዱ አባል እጅ አድርሶ፣ የአባሉን መልስ ደግሞ ወደ መሪዎቹ ጠረጴዛ መልሶ ማምጣት የሚችለው እንዴት ነው? በእኔ እምነት የማኅበሩ ጉልበት ያለው እዚህ ምልልስ ላይ ነው እንጂ በሰልፍና በመፈክር ብቻ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ አባላት ከመካከላቸው ተወካይ ይመርጣሉ። ተወካዩ ወይም ተወካይዋ ከማስተማር ሥራ የተነሱ ሹሞች አይደሉም፤ እንደማንኛውም መምህር ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፣ ፈተና ያርማሉ። የማኅበሩ አባላት መምህራን ብቻ ስላልሆኑ የክፍል ረዳቶች፣ የጽሕፈት ሠራተኞች፣ ነርሶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችም ድምፅ አላቸው። እነዚህ ተወካዮች በየወሩ የሚሰበሰቡበት የተወካዮች ጉባኤ 800 ያህል መቀመጫ ያለው ሲሆን፣ አድማ የሚጀመርበትን ቀን የመቁረጥም ሆነ አድማውን የማቆም ሥልጣን አለው። ፕሬዚዳንቱ ወይም ፕሬዚዳንቷ ከከንቲባው ጋር ተጨባብጠው ቢወጡ እንኳ ጉባኤው ካልተቀበለው ነገሩ አላለቀም።

ተወካዩ ከጉባኤው ሲመለስ የሰማውን ለባልደረቦቹ ይናገራል፤ እነሱ ያሉትን ይዞ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ይሄዳል። ከእሱ ጎን አባላቱ የሚመርጡት ሌላ ኮሚቴ አለ፤ የሙያ ችግሮች ኮሚቴ ይሉታል። ኮሚቴው በየወሩ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይቀመጣል። የሚነሱት ጉዳዮች ከሩቅ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው፤ የተማሪው ብዛት ከልክ ያለፈ ክፍል፣ ያልመጣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ለዝግጅት የተተወው ክፍለ ጊዜ በስብሰባ መበላቱ። እኔ ግን ከትልቁ ጉባኤ ይልቅ ለዚህ ኮሚቴ ክብር እሰጣለሁ። አንድ መምህር የኅብረት ስምምነቱን ገልጦ፣ ከርዕሰ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ፣ «አንቀጹ እንዲህ ይላል» ብሎ መናገር የሚለማመደው እዚያ ነው። ስምምነቱ የሚኖረው የሚያነበውና የሚጠቅሰው ሰው ሲያገኝ ነው፤ አለዚያ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በቺካጎ ወረቀት የሚያነብ መምህር ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአንደኛ ደረጃ ሴት መምህራን የቺካጎ መምህራን ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከሁለት ወይም ሦስት ዓመት በኋላ የትምህርት ቦርዱ ቃል የገባላቸውን የደመወዝ ጭማሪ ገንዘብ የለም ብሎ ሰረዘው። ማርጋሬት ሄሊና ካትሪን ጎጊን የተባሉት የፌዴሬሽኑ መሪዎች አቤቱታ ጽፈው አልተቀመጡም። የከተማውን የግብር መዝገብ ማገላበጥ ያዙ። ያገኙትም የመንገድ ባቡር፣ የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ ኩባንያዎች ከከተማው ላገኙት የሥራ ፈቃድ መብት ሊከፍሉት የሚገባውን ግብር እንደማይከፍሉ ነበር። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ1901 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከኩባንያዎቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ገቢ ሆነ። ቦርዱ ድርሻውን ለሌላ ወጪ ሲያውለው መምህራኑ ቦርዱን ራሱን ከሰሱ፤ ይህንንም ረቱ። ያን ጊዜ በኢሊኖይ ሴቶች ከንቲባም ሆነ ገዢ መምረጥ አይፈቀድላቸውም ነበር።

የዛሬው ማኅበር የተመሠረተው ደግሞ በ1937 ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን የቺካጎ መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቀርተው፣ ሲከፈላቸውም በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የመተማመኛ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። በ1933 በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ባንኮችን ወርረው ክፍያ ጠየቁ። ከዚያ ምሬት በኋላ ተበታትነው የነበሩት ማኅበራት ተዋሐዱና በአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ሥር አንደኛ ቅርንጫፍ የሚለውን ቁጥር ይዘው ቀጠሉ።

ከ1969 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት ማኅበሩ ዘጠኝ ጊዜ አድማ መታ፤ የመጨረሻው 19 ቀን ፈጀ። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመት አድማ አልነበረም። በ1995 የወጣ ሕግ ትምህርት ቤቶቹን ለከንቲባው ሰጠ፤ ማኅበሩ ሊደራደርባቸው የሚችላቸውንም ጉዳዮች አጠበበ። በ2000ዎቹ ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ፣ በግል አስተዳዳሪዎች የሚመሩ ቻርተር ትምህርት ቤቶች እየተከፈቱ ሲሄዱ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት መምህር የማኅበሩን ቢሮ በር ሲያንኳኳ የሚያጽናናው ሰው እንጂ አብሮት የሚቆም አላገኘም። የአባልና የመሪ መራራቅ ጉዳቱ የታየው ያን ጊዜ ነው።

በ2008 ጥቂት መምህራን ተሰባሰቡ። መነሻቸው የንባብ ቡድን ነበር፤ መጽሐፍ እያነበቡ ይወያያሉ። ከዚያ አልፈው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው በተባለበት ሁሉ በሕዝብ መድረኮች እየተገኙ ከወላጆች ጋር ይቆሙ ጀመር። ኮር በሚል ምህጻር የታወቀው ይህ ቡድን በ2010 በተደረገው የማኅበሩ ምርጫ አሸነፈ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርት የነበረችው ካረን ሉዊስ ፕሬዚዳንት ሆነች። አዲሶቹ መሪዎች መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ የራሳቸውን ደመወዝ መቀነስ ነው። ከዚያ በፊት ያልነበረ የአደራጆች ክፍልም አቋቋሙ፤ ሥራው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ አባላትን ማነጋገርና ተወካዮችን ማሠልጠን ነበር። ተወካይ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶች እንዲመርጡ ተደረገ።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የተፈተነው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ2011 የኢሊኖይ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ውስጥ ለቺካጎ ብቻ የሚሠራ ድንጋጌ አስገባ፤ መምህራኑ አድማ መምታት የሚችሉት ከጠቅላላው አባል 75 በመቶው ሲስማማ ነው። ድምፅ ከሰጠው ሳይሆን ከጠቅላላው አባል። የታመመ፣ የረሳ፣ ወይም ግድ የለኝም ብሎ የቀረ ሁሉ እንደ ተቃዋሚ ይቆጠራል። ከሕጉ ጀርባ ከነበሩት ቡድኖች የአንዱ መሪ በአደባባይ ስብሰባ ላይ ማኅበሩ ይህን ቁጥር ፈጽሞ አይደርስበትም ብሎ ተናገረ።

እንደ እኔ ሕጉ ሳያስበው ማኅበሩን አስተማረው። 75 በመቶ በስሜት ንግግር አይገኝም። እያንዳንዱን አባል በስሙ ማወቅ፣ ማነጋገርና ጥያቄውን መመለስ ያስፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ የስምምነት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንድ የኮሚቴ አባል ለአሥር ያህል ባልደረቦቹ ኃላፊነት ወሰደ። ለድርድር ይቀርብ የነበረው ጥቂት መሪና ጠበቃ ብቻ ነበር፤ አሁን ከየደረጃውና ከየሙያው የተውጣጡ መምህራን የሚገቡበት ሰፊ የተደራዳሪ ቡድን ሆነ። ከእውነተኛው ድምፅ በፊት በግንቦት 2012 የልምምድ ምርጫ ተደረገ፤ የሰው ስሜት ምን እንደሆነና የትኛው ትምህርት ቤት ወደኋላ እንደቀረ ታየበት። በሰኔ ዋናው ድምፅ ሲሰጥ ከ26 ሺህ በላይ ከሚሆኑት አባላት 23,780ው አድማውን ደገፉ፤ 90 በመቶ ገደማ ማለት ነው።

መስከረም 10 ቀን 2012 አድማው ተጀመረ፤ 350 ሺህ ያህል ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። ጥያቄው የደመወዝ ብቻ አልነበረም። የተማሪ የፈተና ውጤት መምህሩን ለመመዘን ምን ያህል ይታይ? ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የተሰናበተ መምህር ቅጥር ሲኖር ይታሰባል ወይ? ሙዚቃና ሥዕል የሚያስተምር ሰው የሌለባቸው ትምህርት ቤቶችስ? ቀይ ካናቴራ የለበሱ መምህራን በየትምህርት ቤታቸው በር ተሰልፈው ይህንኑ ለመንገደኛው ያስረዱ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ድርድሩ ረቂቅ ስምምነት ላይ ደረሰ። መሪዎቹ እሑድ መስከረም 16 ረቂቁን ለተወካዮች ጉባኤ አቀረቡ። ከተማው ሰኞ ትምህርት ይጀመራል ብሎ ይጠብቃል፤ ከንቲባው ራም ኢማኑኤልም እንዲሁ። ተወካዮቹ ግን አድማውን ለማቆም እንቢ አሉ። ረቂቁን ጠልተውት ብቻ አይደለም፤ አባሎቻቸው አላዩትም። አይቼ፣ ለሰዎቼ አሳይቼ፣ ምን እንዳሉ ሰምቼ ልመለስ የሚል ነበር አቋማቸው። ሁለት ቀን ወሰዱ።

ሰኞ ጠዋት መምህራኑ እንደ ወትሮው በየትምህርት ቤታቸው በር ተገኙ። በዚያን ዕለት ግን በብዙ ቦታ ሰልፉ ቆሞ መምህራን በየእግረኛ መንገዱና በየሣሩ ላይ ተቀምጠው ወረቀት ያነቡ ነበር። ተወካዩ አንቀጹን ያነባል፤ ሌላው ያቋርጠዋል፣ ይጠይቃል፤ የተሰናባች መምህራን ጉዳይ፣ የምዘናው ቁጥር፣ የሕመም ፈቃዱ አንድ በአንድ ይታያል። ከተማው በበኩሉ አድማው ለሕፃናት ደኅንነት አደጋ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኛው ጉዳዩን ወዲያው አላየውም። ማክሰኞ ተወካዮቹ ተመልሰው ተሰበሰቡና ከመቶ 98ቱ አድማው ይቁም አሉ። ረቡዕ ትምህርት ተጀመረ። በጥቅምት መጀመሪያ ሁሉም አባል በምስጢር ድምፅ ሲሰጥ ስምምነቱ በ79 በመቶ ጸደቀ።

እነዚያ ሁለት ቀናት ዋጋ አስከፍለዋል። ልጁን የሚያስቀምጥበት ያጣ ወላጅ፣ ከሥራ የቀረች እናት ሁለት ቀን ጨምረው ተቸገሩ። ይህን አቅልዬ አላየውም። ሆኖም ያን ጊዜ የተደረገው የሕዝብ አስተያየት መመዘኛ አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ አድማውን እንደደገፈ ያሳያል፤ ስምምነቱም ከ500 በላይ የሙዚቃ፣ የሥዕልና የስፖርት መምህራን እንዲቀጠሩ፣ የመማሪያ መጽሐፍም በትምህርት መጀመሪያ ቀን ተማሪው እጅ እንዲገባ የሚሉትን ይዟል። አንብቦ የፈረመ መምህር በኋላ ርዕሰ መምህሩ ፊት ያንን አንቀጽ መጥቀስ ይችላል። ሁለቱን ቀን ተገቢ ያደረጋቸው ለእኔ ይህ ነው።

አባልን ማሳወቅና ማሳተፍ ሁሉን አያሸንፍም። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013፣ የትምህርት ቦርዱ 50 ያህል ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ወሰነ፤ አብዛኞቹ በጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች የሚገኙ ነበሩ። ሰልፍም ክስም አላዳናቸውም። በ2018 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃነስ በሚባለው ውሳኔ፣ አባል ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ለማኅበሩ ምንም ክፍያ እንዲከፍል እንዳይገደድ ፈረደ። ክርክሩ የተነሳው ከዚያው ከኢሊኖይ ነው። ከዚያ ወዲህ የቺካጎ ማኅበርም ሆነ ሌላው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር አዲስ የተቀጠረን ሰው ቀርቦ ማነጋገርና ማሳመን ግድ ሆኖበታል። በየትምህርት ቤቱ ጠንካራ ተወካይ ላለው ማኅበር ይህ የለመደው ሥራ ነው፤ መዋጮው ከደመወዝ ላይ መቆረጡን ብቻ ተማምኖ ለኖረ ማኅበር ግን የህልውና ጥያቄ ነው።

በአባላቱ መካከል ስምምነት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በጥር 2022 የኮሮና ወረርሽኝ ሲያገረሽ አባላቱ ከቤት ሆነው ለማስተማር ወሰኑ፤ አስተዳደሩ ትምህርት ዘጋ፤ አምስት የትምህርት ቀን ከጠፋ በኋላ ስምምነት ተደረሰ። ያ ስምምነት ለአባላት ሲቀርብ የደገፈው ከግማሽ ጥቂት ነበር የሚበልጠው። አንዳንዶች ይህን እንደ ድክመት ቆጠሩት። እኔ አልቆጥረውም። ተቃዋሚው ድምፅ የት የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነና ምን እንዳስከፋው መሪዎቹ ቁጭ ብለው ሊያዩት ቻሉ፤ በሚቀጥለው ወር ጉባኤ ላይም ያንኑ ቅሬታ ይዘው የሚመጡ ተወካዮች ነበሯቸው።