በዘሩ ውስጥ የተቀመጠው ጥበቃ

የሚነበብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 1፥11-12፤ 2፥15



በመንዝና በግሼ ደጋ ዋናው እህል ገብስ ነው። ሰው ሲበርደው ጋቢ ይደርባል፤ ሲታመም ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ገብስ ግን ከተዘራበት አይነቃነቅም። ታዲያ ውርጩንና በሽታውን እንዴት ይቋቋማል?

ዘረመል እንዴት ይሠራል?

ዘረመል (ጂን) በተክሉ ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ነው። ሁሉም ሁልጊዜ አይሠራም፤ እንደ ሁኔታው ይነሣል፣ ይተኛል። ብርዱ ቀስ በቀስ ሲበረታ አንዳንድ ዘረመሎች ነቅተው ሕዋሱ ስኳርና መከላከያ ፕሮቲን እንዲያከማች ያደርጋሉ። ሆኖም ይህ ወሰን አለው። ገብሱ ሲያብብ ድንገት የሚወርደውን ውርጭ ብዙውን ጊዜ አይችለውም።

ከኢትዮጵያ የተገኘ በረከት

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመን ተመራማሪዎች ከአገራችን የገብስ ዘር ሰብስበው ወሰዱ። ከመካከሉ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን ሻጋታ የሚቋቋም ተገኘ። ምክንያቱ ያስገርማል። በሌላው ገብስ ኤም.ኤል.ኦ. የተባለው ዘረመል የሕዋሱን መከላከያ ያላላል፤ ሻጋታውም በዚያ ይጠቀማል። በዚህኛው ገብስ ግን ይህ ዘረመል ጸጥ ብሏል። ስለዚህ ሻጋታው ሊበሳ በሞከረበት ቦታ ሕዋሱ ግድግዳውን አወፍሮ ይመክተዋል። ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ጥበቃ የያዙ ዝርያዎች በአውሮፓ ተዘርተዋል፤ ጥበቃውም ለአሥርተ ዓመታት ጸንቷል። ጠላት የሚገባበት በር ሲዘጋ እንዲህ ነው (ኤፌሶን 4፥27ን ያስቧል)።

ሁሉም ጥበቃ ግን አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ በስፋት የተዘራውን ዲገሉ የተባለ ስንዴ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት አጠቃው። ሰፊው ማሳ አንድ ዓይነት ዘር ስለነበር የአንዱ መሸነፍ የብዙው መሸነፍ ሆነ።

እኛስ ምን እናድርግ?

እግዚአብሔር ተክልን እንደየወገኑ ዘር እንዲሰጥ አድርጎ ፈጠረ፤ ለሰውም ምድሪቱን የማልማትና የመጠበቅ አደራ ሰጠው። የአባቶቻችን ገብስ የዚህ አደራ ክፍል ነው። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቶሎ የሚደርሰውና የሚዘገየው በአንድ ማሳ ተቀላቅሎ ሲገኝ አንዱ ቢመታ ሌላው ይተርፋል።

የተሻሻለ ዘር አትዝሩ ማለቴ አይደለም፤ ምርቱ ብዙ ቤተሰብ ይመግባል። ነገር ግን የቀድሞውን ጨርሳችሁ አትጣሉ። ከጎተራ ጥቂት ለዩ፤ በጥቂት መሬትም ቢሆን በየጊዜው ዝሩት፤ ከጎረቤት ጋር ተለዋወጡ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአዲስ አበባ የዘር ባንክ አለ። ሆኖም በማሳ ላይ የሚኖር ዘር ከየዘመኑ ውርጭና በሽታ ጋር እየታገለ ይለመልማል።

ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ መጸለያችንን አናቁም። ከጸሎት ስንነሣ ደግሞ የተሰጠንን ዘር እንጠብቅ። አንድ ጊዜ ከጠፋ ልጆቻችን ከየት ያመጡታል?

ጌታ ዘራችሁንና ጎተራችሁን ይባርክ። አሜን!