በሲሶ የሚለካ ስለት

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ቢላዋ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ከሁለት አንዱ ነው፤ ከውጭ የመጣ አብረቅራቂ፣ አለዚያም የአገር ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ያወጣው ጠቆር ያለ። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ከርካሹ አብረቅራቂ ይልቅ ስለቱን ያቆያል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ቢያስነግሩም የሚሠራው ሰው ዛሬም ተገቢውን ክብር አላገኘም። የሠራው ቢላዋም ቤት ከገባ በኋላ በአሳሳሉ ይበደላል።

ያገኙት ድንጋይ ላይ ወዲያ ወዲህ ይፈትጉታል። እጅ ዝቅ ሲል ድንጋዩ የስለቱን ትከሻ ብቻ ይበላል፤ ከፍ ሲል ገና የሾለውን ጫፍ መልሶ ያደነዝዘዋል። ብዙ ተለፍቶ ቢላዋው ሽንኩርት የሚጨፈልቀው ድንጋዩ ከፍቶ ሳይሆን ማዕዘኑ ስለተቀያየረ ነው። ለወጥ ቤት ቢላዋና ለእርድ ካራ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። አጥንት የሚነካው 25፣ መጥረቢያ እስከ 30 ይፈልጋል።

ማዕዘኑን ለማግኘት ማስመሪያ ይበቃል። የቢላዋውን ወርድ ከስለት እስከ ጀርባ ይለኩ፤ ጀርባውንም ከድንጋዩ በሲሶው ያንሱት። ወርዱ 3 ሳንቲሜትር ከሆነ 1፣ 4 ተኩል ከሆነ 1 ተኩል መሆኑ ነው። ሲሶ ለጠባቡም ለሰፊውም ቢላዋ 19 ተኩል ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ሩብ ካነሱት 14 ተኩል ይሆናል፤ ይህ ለሥጋ ብቻ ነው፣ አጥንት ከነካ ይሸረፋል።

ማወቁ ቀላል ነው፤ ማዕዘኑን ሳይለቁ መቆየት ነው የሚቸግረው። 20 ዲግሪን በዓይኑ የሚይዝ ሰው ብርቅ ነው፤ አግድም የተኛን ነገር ግን ሁላችንም እንለያለን። ስለዚህ ቢላዋውን ማዘንበል ትተን ድንጋዩን እናዘንብለው። መነሻው 4 ሳንቲሜትር ከፍታና 11 ሳንቲሜትር መሠረት ያለው የእንጨት ሽብልቅ ነው፤ ይህ ልክ 20 ዲግሪ ነው። በላዩ ድንጋዩን የሚሸከም ጣውላ ይመታበታል፤ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ታችና ላይ ቀጭን ክፈፍ ይደረግለታል። የሸካራነት ቁጥሩ በአንዱ ፊት 400፣ በሌላው 1000 የሆነ ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ ካለ ሌላ አያስፈልግም። አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ይጨመርና ሁሉም በአንድ ስልቻ ይገባል።

መቀመጫው ደልዳላ መሆን አለበት። በስማዳ ገደላገደል ይህ ቀልድ ይመስላል፤ መፍትሔው ግን የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ግማሽ ውኃ ያለበትን ጠርሙስ መሬቱ ላይ አጋድሞ የውኃውን መስመር ማየት፣ ከዚያ ጠጠር እየደገፉ ማስተካከል። ውኃው ኋላ ድንጋዩን ለማራስ ይሆናል።

ድንጋዩ ከእርስዎ ወዲያ ሽቅብ ይወጣል። ስለቱን ወደ ሽቅቡ አዙረው፣ ቢላዋውን እንደ ረጋ ውኃ አግድም ይዘው ወደ ላይ ይግፉ። ከመጀመርዎ በፊት ስለቱን በማርከር፣ ከሌለም በጥላሸት ያጥቁሩት፤ ጥቁሩ ትከሻው ላይ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ አንሷል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ በዝቷል። በሌላው ጎን በጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ከንፈር እስኪወጣ በ400ው ይቀጥሉ፤ ከዚያ ገልብጠው እንዲሁ ያድርጉ። በ1000ው ያለዝቡት። ከንፈሩ በቀበቶው ሲጎተት ይረግፋል፤ ቀበቶው ላይ ግን ስለቱ ወደ ኋላ ይጎተታል እንጂ ወደ ፊት አይገፋም፣ ቆዳውን ይቆርጠዋል።

ለማጭድ ይህ ሁሉ አይሆንም። የተቆለመመ ስለት በዝርግ ድንጋይ ላይ ስለማይቀመጥ ድንጋዩን በእጅ ይዞ ማጭዱ ላይ ማስኬድ ይሻላል። በኤሌክትሪክ ሞረድ የሚስሉም አሉ፤ ፈጣን ነው፣ ጥሩም ይመስላል። ነገር ግን ስለቱ ሰማያዊ ከመሰለ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል፤ ቀጥቃጩ ያጠነከረው ብረት ለስልሷል ማለት ነው። ፋብሪካ የሚሠራቸው ባለ ዘንግ መምሪያዎች፣ ለምሳሌ 17፣ 20፣ 25 እና 30 ዲግሪ ቀዳዳ ያለው የላንስኪ መሣሪያ፣ ለትንሽ ቢላዋ ግሩም ናቸው። ለረጅም የእርድ ካራ ግን መቆንጠጫውን ደጋግሞ ማዘዋወር ያሰለቻል።

የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የእንጨት ክፍሎች ሽብልቁን ከቁርጥራጭ ጣውላ ሊያወጡት ይችላሉ። ቀጥቃጮችም ከቢላዋው ጋር አብረው ይሽጡት፤ ገዢም ዋጋው ትንሽ ቢጨምር አይከራከር።