በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ

ጠዋት ከአየር ጤና ተነስቶ በዘነበወርቅ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚጓዝ ሰው፣ ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ሳያይ የሚያልፍበት ቀን ጥቂት ነው። ከራዲያተሩ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሾፌሩ የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ውሃ ፍለጋ አጠገቡ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል። መካኒኮች "ሂት አደረገ" ይላሉ፤ ሾፌሮች ደግሞ "አፈላ" ይሉታል። የሾፌሮቹ ቃል ለነገሩ እውነት ይበልጥ ይቀርባል፤ እዚያ ውስጥ ውሃው በርግጥ ፈልቷል። የፈላውም ብዙ ሰው ከሚገምተው ባነሰ ሙቀት ሊሆን ይችላል።

ጅቡቲ ወደብ ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል ወደ እንጦጦ ሲጠጋ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ከጅቡቲው በሩብ ያህል ስለሚቀል፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በአዲስ አበባ ምድጃ ላይ የሚዘገዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመር፣ በክፍት ድስት ያለ ውሃ ከ92 ዲግሪ አያልፍም። ለወጥ ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው። ለሞተር ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሞተሩን ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በኮልፌም ሆነ በሌላው የከተማው ክፍል ጋራዦች በደንብ ከሚታወቁት አንዱ በቶዮታ ያሪስ ውስጥ ያለው ባለአራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው፤ አምራቹ 2ኤንዜድ-ኤፍኢ ብሎ ሰይሞታል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የአፍ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚመላለሰው 73.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሰላ አንዱ ሲሊንደር 325 ሲሲ ያህል ይይዛል፤ አራቱ አንድ ላይ 1,298 ሲሲ ይሆናሉ።

ይህች ቁጥር ለኢትዮጵያ ገዢ ትልቅ ትርጉም ነበራት። ለብዙ ዓመታት የሠራው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1,300 ሲሲ ባለው መኪና ላይ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ባለው ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 100 በመቶ ይጥል ነበር። 1,298 ሲሲው ሞተር ከመስመሩ በ2 ሲሲ ብቻ ዝቅ ብሎ በዝቅተኛው ተመን ያልፋል። 1,497 ሲሲ የሆነው ወንድሙ ደግሞ፣ የሲሊንደሩ ስፋት አንድ ሆኖ የፒስተኑ ጉዞ ስለሚረዝም ብቻ፣ እጥፍ ተመን ይከፈልበት ነበር። አነስተኛ ሞተር ያላቸው መኪኖች በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የበዙበት አንዱ ምክንያት ከዚህ የታክስ ሰንጠረዥ ይመዘዛል።

በውስጡ የሚካሄደው ሥራ አራት ደረጃ አለው፦ አየርና ቤንዚን መሳብ፣ መጭመቅ፣ ማቃጠል፣ ጭሱን ማስወጣት። አራቱ ሲሊንደሮች ተራ እየጠበቁ ያቃጥላሉ፤ መጀመሪያ አንደኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ በመጨረሻ ሁለተኛው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 100 ቃጠሎ ይካሄዳል። ከቤንዚኑ ጉልበት መኪናውን የሚገፋው ሲበዛ ሲሶ ያህሉ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው (ማርሚታ) እና በራዲያተር በኩል መውጣት አለበት።

የቀድሞውን ትውልድ የሚያስታውስ ሰው እዚህ ላይ "ዲኤክስ" ማለቱ አይቀርም። ብዙዎቹ ኮሮላ ዲኤክሶች የነበራቸው 4ኬ የተባለው ሞተር 1,290 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 75፣ የፒስተኑ ጉዞ 73 ሚሊ ሜትር። ልኬቱን ከያሪሱ የሚለየው የፒስተን ጉዞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ጉልበታቸው ግን ይራራቃል። ዲኤክሱ በ60 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ሲሠራ፣ ያሪሱ 85 ያህል ያወጣል። ልዩነቱ የመጣው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ካሉት አራት ቫልቮች፣ እንደ ፍጥነቱ የቫልቭ መክፈቻ ጊዜን ከሚያስተካክለው ሥርዓት፣ ከጠንካራው መጭመቅና ቤንዚኑን በኮምፒውተር ለክቶ ከሚረጨው መርፌ ነው።

85 የተባለው ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አየሩ በሳሳበት በኮልፌ ዳገት ያው ሞተር የሚያወጣው ወደ 65 ይጠጋል። ቤንዚን የሚቃጠለው በኦክስጅን ነው፤ በአንድ መሳብ የሚገባው ኦክስጅን ካነሰ ቤንዚኑም ማነስ አለበት። ዲኤክሱ ላይ ያለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ለባሕር ጠረፍ እንደተስተካከለ ቤንዚኑን ያንቆረቁራል። ስለዚህ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ነዳጁም ያለ ጥቅም ያልቃል። የድሮ መካኒኮች ካርቡራተርን ለከተማዋ አየር "ሲያስተካክሉ" ይሠሩ የነበረው ሥራ ትክክለኛ የፊዚክስ ሥራ ነበር። ያሪሱ ግን የሚገባውን አየር ራሱ እየለካ፣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚለውን ሚዛን በራሱ ይጠብቃል።

ወደ ፈላው ውሃ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ቴርሞስታቱ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይከፈትና ውሃውን ወደ ራዲያተር ይለቃል። ማራገቢያው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይነሳል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ማራገቢያው ከመነሳቱ በፊት ውሃው ፈልቶ ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለ ስፕሪንግና ጎማ አማካይነት 1.1 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ስለሚይዝ፣ ውሃው በአዲስ አበባም ቢሆን 117 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይፈላም። ጎማው ሲደርቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲላላ ይህ የ25 ዲግሪ ጥበቃ በሙሉ ይጠፋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሾፌር ክዳኑ ቢበላሽበት ቢያንስ እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ፋታ አለው። የኮልፌው ሾፌር ያቺ ፋታ የለችውም። ክዳን ማለት ከሞተሩ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ መሆኑ ደግሞ ያሳዝናል።

አፈላሉ የሚጀምረው የጋለ ጭስ በሚወጣባቸው ቫልቮች ዙሪያ፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚገጥመው ቴስታታ ውስጥ ነው። እንፋሎት እንደ ውሃ ሙቀት መሸከም አይችልም፤ አረፋ የያዘው ቦታ ወዲያው ይግላል። ውሃው ጎድሎ የሙቀት መለኪያው አየር ውስጥ ከቀረ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ምልክት ምንም እንዳልተፈጠረ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አሉሚኒየም በ80 ዲግሪ ሲሞቅ ከ0.7 ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል፤ ይህም ከብረት እጥፍ ያህል ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከመጠን በላይ ሲግል ግን በብሎን ታስሮ ስላለ የሚሄድበት የለውምና ይጣመማል። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ጥብቀቱን ያጣና ይበሳል። ከዚያ የቃጠሎው ጋዝ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ይሠራል፣ ውሃው ወደ ሲሊንደር ገብቶ ነጭ ጢስ ይወጣል፣ ዘይቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል።

አንዳንድ ሰው "ይሞቃል" ብሎ ቴርሞስታቱን አስወጥቶ ይጥላል። ይህ ስህተት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻው) ቶሎ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ራዲያተሩን የሚያልፈውን አቋራጭ መንገድ ስለሚዘጋ፣ ሲወጣ ሙቀቱ ጭራሽ ይብሳል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጠቀምም እንዲሁ ነው፤ ቀስ በቀስ ዝገትና ድንጋይ መሰል ቅርፊት ይተዋል። ኩላንት የውሃውን የመፍያ ነጥብ ከፍ ከማድረጉ በላይ ዝገቱን ይከላከላል። የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ደግሞ ፊትና እጅን ያቃጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ብቻ ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው የሞተር በሽታ ዘይት ነው። የዘይት መለወጫ ጊዜ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ሞተሩ ግን የሚደክመው በሰዓት ነው። በክፍት መንገድ በ80 ፍጥነት 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 62 ሰዓት ተኩል ይበቃል። በከተማ መጨናነቅ በአማካይ በ20 ፍጥነት ሲኬድ ግን ያው 5,000 ኪሎ ሜትር 250 ሰዓት ይፈጃል። ያሪሱ ከነፊልትሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ዘይት ያን ሁሉ ሰዓት ይቃጠላል፣ ይወፍራል፣ ጭቃ ይሆናል። ይህ ሞተር በጎማ ቀበቶ (ቺንጋ) ፈንታ በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑ "አይነካም" የሚል እምነት አለ። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ግን የዘይቱ ግፊት ነው፤ ዘይቱ ሲቆሽሽ ሰንሰለቱ ይላላና ጠዋት ሲነሳ ይንኳኳል። የቫልቭ ጊዜን የሚያስተካክለው ክፍል ትንሿ ወንፊትም በዚያው ጭቃ ትዘጋለች።

ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፣ ማርሚታ፤ የኮልፌ ወጣት መካኒክ በጃፓን ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚጠራቸው እነዚህ ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃሉም አብሮ መጥቷል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ መንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን ሞተሮች የሚተካቸው አዲስ ሞተር እንደ ቀድሞው አይመጣም። ስለዚህ የተጣመመ ቴስታታ መጣሉ ቀርቶ መታደስ አለበት። መካኒኩ ያወርደዋል፣ ያጥበዋል፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በአግድምና በሰያፍ ያጋድምበታል። ከማስመሪያው ሥር 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ የብረት መለኪያ፣ ማለትም ከሰው ፀጉር የቀጠነ፣ ከገባ ቴስታታው ወደ ማሽን ቤት (ሬክቲፊካ) ሄዶ ገጹ ይላጋል። አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ብሎኖቹ በቅደም ተከተል ከመሃል ወደ ዳር ይጠብቃሉ፣ ኩላንት ይሞላል። ይህን ሁሉ ወጪ ከፍሎ አሮጌውን የራዲያተር ክዳን መልሶ የሚገጥም ባለመኪና ብዙ ነው። ያ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ዘነበወርቅ ዳገት ላይ ውሃው እንደገና በ92 ዲግሪ ይፈላል።