ቤት ካለቀ በኋላ ከወለል ስር ማሞቂያ ሲገባ፦ የቤት ሠራተኛ ማወቅ ያለባት ነገር

አማን የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን አረብ አገር ሲባል ሙቀት ብቻ ስለሚመስላቸው አያምኑንም እንጂ እዚህ በረዶም ይጥላል። ከተማው ከፍታ ላይ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ድንጋይና ባላጥ ነው። አዲስ ቤት ከሆነ ይብሳል፤ ግድግዳውና ወለሉ ውስጥ የቀረው የሲሚንቶ እርጥበት ገና ስላልወጣ የመጀመሪያው ክረምት በጣም ይቀዘቅዛል።

ለዚህ ነው ብዙ አሠሪዎች አዲስ ቤት ገብተው አንድ ክረምት ካዩ በኋላ ወለሉን አስፈንቅለው ከስር ማሞቂያ የሚያስገቡት። እዚህ «ተድፊአ ታህት ኢልባላጥ» ይሉታል። እኔ የምሠራበት ቤትም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው የገባው። «ይሄ የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» ትዪ ይሆናል። ያገባሻል እህቴ። አቧራውን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ፣ ወለሉን የምትወለውዪው አንቺ ነሽ፣ ያንቺ ክፍል ይሙቅ አይሙቅ የሚወሰነውም በዚያው ሰሞን ነው።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በውኃ ነው። ወለሉ ላይ መጀመሪያ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሄድ ፎም ይነጠፋል። ከዚያ የጣት ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ (ብዙ ጊዜ 16 ሚሊሜትር) እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይዘረጋል። በላዩ ላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር የሚሆን የሲሚንቶና የአሸዋ ድልድል ይፈስበታል፣ ከዚያ ባላጥ። በቦይለር የሞቀ ውኃ በቱቦው ውስጥ ይዞራል። ውኃው እንደ ራዲያተር የሚፈላ አይደለም፣ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ይበቃዋል። ቱቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ግድግዳ ውስጥ ያለ ሳጥን ኮሌክተር ይባላል።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ነው። ቀጭን ሽቦ ያለው መረብ ከባላጡ ስር ይለጠፋል። ይሄ ቀጭን ስለሆነ ላለቀ ቤት ይቀላል፣ ግን የመብራት ሒሳብ ስለሚያበዛ ብዙ ጊዜ ለመታጠቢያ ቤት ብቻ ነው የሚያስገቡት።

ላለቀ ቤት የውኃውን ለማስገባት ወይ የድሮው ባላጥ ይነሳል፣ ወይ ደግሞ ቀጭን ሰሌዳ ከላይ ተነጥፎ ወለሉ ከፍ ይላል። ከፍ ካለ በሮቹ ከታች ይቆረጣሉ፣ ደረጃና መድረክም ይቀየራል። መጀመሪያ ሰሞን እንዳትደናቀፊ፣ በተለይ ሕፃን ወይ ትኩስ ነገር ይዘሽ ስትሄጂ።

ክፍልሽን አስቆጥሪ

ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቶቹ፣ ኮሪደሩ ሲቆጠሩ የሠራተኛዋ ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከኩሽና ጀርባ ያለች ትንሽ ክፍል ናት፣ ማንም ትዝ አይለውም። ሲሚንቶው አንዴ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ «ያንቺን እንጨምር» የሚል የለም፣ እንደገና መስበር ነው።

ስለዚህ መናገር ያለብሽ ባለሙያው ክፍሎቹን እየዞረ በሚለካበት ቀን ነው። በትሕትና እንዲህ በያት፦ «ማዳም፣ ጉርፈቲ ከማን ፊሃ ተድፊአ?» (የኔም ክፍል ማሞቂያ አለው?)። ብዙ ወጪ ነው ካለችሽ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነች ክፍል 6 ካሬ ናት። ቱቦው በ15 ሳንቲሜትር ርቀት ከተዘረጋ 40 ሜትር አካባቢ ይበቃታል። አንድ መስመር እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሄድ ክፍልሽ ከኩሽናው ወይም ከልብስ ማጠቢያው ጋር በአንድ መስመር ልትገባ ትችላለች። አዲስ ቦይለር አይጠይቅም። «ባለሙያውን እንጠይቀው» በያት፣ እሱ ራሱ ይነግራታል።

ሕጉንም እወቂ። ዮርዳኖስ ውስጥ በ2009 (በፈረንጅ) የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 90፣ አሠሪ ለሠራተኛዋ በቂ ብርሃንና አየር ያለው የራሷ ክፍል እንዲሰጣት ያዛል። ወለሉ ሲሰበር «ሳሎን ወይ በረንዳ ተኚ» ከተባልሽ ለስንት ቀን እንደሆነና በሩ የሚዘጋ ቦታ የቱ እንደሆነ ጠይቂ። ቤቱ ውስጥ ወንድ ሠራተኞች ስለሚገቡ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራው ላይ እያሉ

ባላጥና ሲሚንቶ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ እንደ ቤት አቧራ አይደለም፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በደረቁ አትጥረጊው። መጀመሪያ ውኃ እርጪበት፣ ማስክ አድርጊ፣ በሩን በላስቲክ ይዝጉት በያቸው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚህ በባዶ እጅሽና በባዶ እግርሽ አትንኪው። ፍርስራሽ መሸከምና ሲሚንቶ ማቡካት የሠራተኞቹ ሥራ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ቱቦው ውኃ ተሞልቶ ግፊት ይሞከራል። የተዘረጋ ቱቦ ላይ አትራመጂ፣ መሰላልም ሆነ ባልዲ አታስቀምጪበት። ትንሽ ከተቀደደ ኋላ «ማን ነካው?» ሲባል ጣት ወደ አንቺ እንዳይቀሰር። ልጆቹንም አርቂ።

ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ቶሎ አይበራም። ተራ ሲሚንቶ 21 ቀን ያህል መቆየት አለበት። ከዚያ በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። ብርድ ጠንክሮባቸው «አብሪው» ቢሉሽ «ሙሃንዲሱን እንጠይቅ» በይ። ቶሎ ከሞቀ ይሰነጠቃል።

ካለቀ በኋላ እንዴት ትይዢዋለሽ?

የወለል ማሞቂያ እንደ ሶባ ወዲያው አይሞቅም፣ ሰዓታት ይፈጃል። አልሞቀም ብለሽ ቴርሞስታቱን ወደ መጨረሻው አታድርጊው፤ አንድ ቦታ ላይ አቁመሽ መተው ይሻላል። ወለሉ ለብ ማለት ነው ያለበት፤ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ከ29 ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

ሻጢፍ የለመድሽ ከሆነ ባልዲ ውኃ መድፋቱን ቀንሺ። የተጨመቀ መወልወያ ይበቃል፣ ወለሉ ሞቃት ስለሆነም ቶሎ ይደርቃል። ወለሉ ላይ ምስማር አይመታም፣ በድሪል አይበሳም። ወፍራም ምንጣፍ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ፍራሽሽን መሬት ላይ አንጥፈሽ የምትተኚ ከሆነ ይሄን ልብ በይ፦ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ወለል ላይ ፍራሽ አይነጠፍም። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከስር ይከማቻል፣ ሽቦውንም ፍራሹንም ያቃጥላል። አልጋ ጠይቂ፣ እግር ያለው ይሁን።

ቦይለሩ አጠገብ ያለው የግፊት መቁጠሪያ ቀዝቃዛ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ 1 እና 2 መካከል ነው። በየጊዜው የሚወርድ ከሆነ ወይም አንድ ባላጥ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ውኃ እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ተናገሪ።

ክፍልሽ ሳይቆጠር ከቀረስ?

የዘይት ራዲያተር (የኤሌክትሪክ) እና ወፍራም ብርድ ልብስ ጠይቂ። ግን እህቴ፣ አደራሽን፣ ከሰል አቀጣጥለሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ። እኛ አገር ከሰል ስለለመድን እንንቀዋለን። ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ቀይ ከሆነ አይጎዳም የሚባለው ውሸት ነው። ገዳዩ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። የጋዝና የላምባ ሶባም እንደዚሁ ነው፣ ከመተኛትሽ በፊት አጥፊው፣ ሲበራም መስኮት ትንሽ ክፈቺ።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር መዛል ከመጣብሽ «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትተኚ። ወዲያው ወደ ውጪ ውጪ፣ ቤት ውስጥ ያሉትንም አስወጪ፣ ከዚያ 911 ደውዪ። ሊባኖስ ያላችሁ ደግሞ ቀይ መስቀልን በ140 ታገኛላችሁ።

ብርድ ልብስም ሆነ ማሞቂያ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም። ቤቱን ሙሉ የምታሞቂ ሰው አንቺ በብርድ ማደር የለብሽም። ጎረቤት ቤት የምትሠራ እህት ካለችና እነሱም ወለል ሊያስፈነቅሉ ከሆነ ይሄን ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ሲሚንቶው ሳይፈስ። በርቱ፣ በሰላም ለአገራችን ያብቃን።