የጀልባ ሰምና ፖሊሽ

የጀልባ ሰምና ፖሊሽ የጀልባን የውጭ ገጽ ለማንጸባረቅና ከፀሐይና ከውሃ ጉዳት ለመጠበቅ የሚያገለግሉ ሁለት ዓይነት ምርቶች ናቸው። ስማቸው አብሮ ቢጠራም ሥራቸው ይለያያል፦ ፖሊሽ ከገጹ ላይ ጥቂት ፍቆ ያነሳል፤ ሰም ግን በገጹ ላይ ስስ መከላከያ ይጨምራል። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው ገጹ በሚገኝበት ሁኔታ ነው።

ጄልኮትና ጉዳቱ

ከፋይበርግላስ የሚሠሩ ጀልባዎች በብዛት የተስፋፉት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ለስላሳው የውጭ ሽፋናቸው ጄልኮት ይባላል። ጄልኮት አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሬዚን ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክስጅን ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይጎዱታል፤ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎም እንደ ጠመኔ ያለ ዱቄት ያወጣል። ገጹ በመዳፍ ሲታሽ ዱቄቱ እጅ ላይ ከቀረ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

የፖሊሽ ምርጫ

ፖሊሽ ደቃቅ የሚፍቅ ብናኝ አለው። ከእሱ ይበልጥ ሻካራ የሆነው ኮምፓውንድ ይባላል።

* ገጹ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ታጥቦ ሰም መቀባቱ ይበቃል።
* በመጠኑ ከደበዘዘ መጀመሪያ ደቃቅ ፖሊሽ፣ ከዚያ ሰም ይቀባል።
* ዱቄት ካወጣ ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽና ሰም በቅደም ተከተል ያስፈልጉታል።

በእያንዳንዱ ፍቅፋቄ ጄልኮቱ ይሳሳል፤ የተፋቀውንም ሰም አይመልሰውም። ሽፋኑ አልቆ ፋይበርግላሱ ከታየ መፍትሔው እንደገና ጄልኮት ማልበስ ወይም ቀለም መቀባት ነው፤ ይህም ከሰም እጅግ የበለጠ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ በማይታይ ትንሽ ቦታ ላይ በጣም ደቃቁን ሞክሮ፣ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ማለፍ ይመረጣል።

የሰም ዓይነቶች

ሰም ሲባል የንብ ሰም ብቻ አይደለም። ለጀልባ የታወቀው የተፈጥሮ ሰም ካርናውባ ሲሆን የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል ነው። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ጠንካራም ነው። ከፖሊመር የሚሠሩ ሰው ሠራሽ መከላከያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከካርናውባ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ሲሊኮን ያለባቸው ምርቶች ግን ጀልባው በኋላ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ በደንብ እንዳይዝ ሊያደርጉ ይችላሉ።

አጠቃቀም

ጀልባው በመጀመሪያ ጨውና አቧራው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ ይደርቃል። ሥራው በጥላ፣ ገጹ ቀዝቀዝ ባለበት ጊዜ ቢሠራ ይሻላል፤ በፀሐይ የጋለ ገጽ ላይ ሰም ቶሎ ስለሚደርቅ ዝንጉርጉር ምልክት ይተዋል። በደበዘዘ ገጽ ላይ ሳይፈቀፈቅ ሰም ቢቀባ ድብዛዜው ከሥሩ ይቀራል።

ሰም ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ሰው በሚረግጠው የመርከብ ወለል ላይ መቀባት አደገኛ ነው። የጀልባ ቀለም ከጄልኮት ስለሚሳሳም በቀለም በተቀባ ጀልባ ላይ ኮምፓውንድ ከመጠቀም በፊት የቀለሙን አምራች መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ውሃ በገጹ ላይ እንደ ዶቃ መንጠባጠቡን ትቶ ተዘርግቶ መታየት ሲጀምር ሰሙ አልቋል፤ ጄልኮቱ ዱቄት ሳያወጣ እንደገና የመቀቢያው ጊዜም ያኔ ነው።