መጽሐፉ አለ፤ ሲስተሙ ነው የሌለው

ባንክ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ይህች ቃል ቤተ መጻሕፍትም ውስጥ እንደምትሠራ ያወቅኩት ግን ባለፈው ሴሚስተር ነው። ለፊቸር ጽሑፍ የትውልድ ከተማዬን የወረኢሉን ገበያ መርጬ ነበርና፣ ከእኔ በፊት አንድ ተማሪ በዚሁ ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራቱን ሰማሁ። እሱን ሳላነብ አንዲት መስመር አልጽፍም ብዬ፣ ስሙን እዚህ የማልጠራው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጋሼ ከጠረጴዛው ወዲያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ጽሑፉ አለ። ሲስተሙ ነው የሌለው» አሉኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አልነበረም። የመመረቂያ ጽሑፎቹ ዝርዝር በሙሉ የተቀመጠው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን የኮምፒዩተሩ ሀርድ ዲስክ ተበላሽቷል። ቅጂ የለም። የድሮዎቹ ካርዶችስ? ኮምፒዩተር ሲመጣ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋሉ» ተብለው ተጥለዋል። ጽሑፎቹ በየመደርደሪያው እንደቆሙ ናቸው፤ የትኛው የት እንደቆመ የሚያውቅ ግን የለም። ሦስት ቀን መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ማዳበሪያ በተጻፉ ሁለት ጥራዞች መሃል ተወትፎ አገኘሁት። ያ ጽሑፍ እስከማውቀው ድረስ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ ሲስተም የሚሉት ምንድን ነው?» ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

ካታሎግ ማለት የመጽሐፍ አድራሻ ነው። ደራሲው፣ ርዕሱ፣ ጉዳዩ፣ የሚቆምበት ቦታ ቁጥር። በዲዊ አከፋፈል የእኛ የጋዜጠኝነት መጻሕፍት 070፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ 963 ላይ ይገኛሉ። ይህን የሚመዘግበው ሶፍትዌር ውድ አይደለም፤ እንዲያውም ኮሃ የሚባለው፣ በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፎችን ሶፍት ኮፒ ለማስቀመጥም ዲስፔስ የተባለ ሌላ ነፃ ሶፍትዌር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎቹን የሚያኖረው በእሱ ነው። ታዲያ ነፃ ሲባል ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሰርቨር ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል።

መዝገቡ ላይ ደግሞ የእኛው የራሳችን ጣጣ አለ። ኮምፒዩተር ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። «ፀሐይ» የምትለዋን ቃል እንኳ ቢያንስ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ መዝጋቢው በአንዱ ጽፎ እኛ በሌላው ብንፈልግ መልሱ «አልተገኘም» ነው። ስምም እንደዚያው። ቅጹ የቤተሰብ ስም አስቀድሙ ስለሚል አንዱ መዝጋቢ «አለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ቢያስገባ፣ ሌላው «ሐዲስ ዓለማየሁ» ቢል፣ ያው አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አለ፤ ማንበብ ግን አይቻልም። ይህን የሚያስተካክል ሶፍትዌር ከመግዛት ይልቅ «በዚህ ቤት ስም እንዲህ ነው የሚጻፈው» የሚል አንድ ገጽ መመሪያ መለጠፉ ይቀላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ኃላፊው ማን ነው? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል፣ አይሲቲው ሌላ ክፍል ነው። ካታሎጉ ሲጠፋ ያኛው «የአይሲቲ ሥራ ነው»፣ ይኼኛው «የቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ነው» ሊል ይችላል። በእንግሊዝ አገር ከ1980ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን በአንድ ኃላፊ ሥር አዋህደዋቸዋል፤ ቆይተው እንደገና የለያዩም አሉ። ለእኔ የሚመስለኝ መዋሃዱ ብቻውን ምንም እንደማያመጣ ነው። ቅጂ የሚያወጣው ሰው በስም ካልታወቀ ሁለቱም ክፍል አንድ ላይ ይተኛሉ።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነሱም በርካታዎቹ ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ ወጥተው ነበር። ያ ማለት አምባው አጠገብ የተወለደ የወሎ ልጅ የአባቶቹን ብራና ለማየት የለንደን ሰርቨር መሥራት አለበት ማለት ነው። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰርቨሩ መሥራት አቆመ። ሪሲዳ የሚባሉ የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ገብተው፣ ፋይል ሰርቀው፣ የቀረውን ቆልፈው 20 ቢትኮይን ጠየቁ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ፤ እነሱም ወደ 600 ጊጋባይት የሚሆን መረጃ በተኑት። ዋናው ካታሎግ ለፍለጋ ያህል ብቻ ተመልሶ የተከፈተው ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የብራናዎቹ ፎቶዎች ግን ከዚያም በኋላ ለወራት አልታዩም።

በየካቲት መጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ያወጣው ሪፖርት በጣም ይገርማል። ወንበዴዎቹ የገቡት ከውጭ ሆነው የሚሠሩ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት አንድ ሰርቨር በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ላይ ከፓስዋርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልተደረገም ነበር። የዲጂታል ስብስቡ ቅጂ ነበራቸው፤ የሚመልሱበት ማሽን ግን ወድሟል፣ ብዙው ሲስተምም አርጅቶ እንደገና የማይነሳ ሆኖ ተገኘ። ቅጂ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ የሚጫንበትም ያስፈልጋል፣ መጫኑም አስቀድሞ መሞከር አለበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመው የብራናዎቹ ካታሎግ አልተነካም። ወረቀት ነዋ!

በዚያው ጥቅምት እኛስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስለነበር፣ ለንደን ቢከፈትም ብዙዎቻችን አናየውም ነበር። በመቅደላ ስም የሚጠራው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ሁለት ግቢ አለው። እንዲህ ላለ ተቋም ካታሎጉ ሁለቱን ግቢ በአንድ ማሳየት አለበት፤ መጽሐፉ ያለው ቱሉ አውሊያ መሆኑን መካነ ሰላም ያለው ተማሪ መንገድ ሳይጀምር እንዲያውቅ። ግን መስመሩ ሲቆረጥም በየግቢው የሚሠራ ሰርቨር ያስፈልጋል። ኮሃም ዲስፔስም ያለ ኢንተርኔት በግቢ ኔትዎርክ ብቻ ይሠራሉ። ዊኪፒዲያን እንኳ ኪዊክስ በሚባል ሶፍትዌር አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። መስመሩ ሲመለስ የሁለቱ ግቢ መዝገብ እርስ በርሱ ይናበባል። ደመና ላይ አስቀምጡት የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደ ሦስተኛ ቅጂ ከሆነ አልቃወምም፣ እንደ አንደኛ ግን ለእኛ ደጋ የሚሆን አይመስለኝም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ጽሑፉን ሳገኘው ገጽ በገጽ በስልኬ አነሳሁት፤ በፍላሽም ሰጠኋቸው። እሳቸው ደግሞ ባለ ጥቁር ልባስ ደብተር አውጥተው ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምረው መመዝገብ ይዘዋል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ርዕስ፣ መደርደሪያ። «ይኼ እንኳ መብራት አይጠይቅም» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ደብተሩ ተጋምሷል። የደብተሩ ቅጂ ግን አሁንም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ፎቶ ላንሳልዎ ብያቸው ለሐሙስ ተቀጣጥረናል።